በአማተር ውድድር መኪና ሲጋጭ ጥፋተኛው ማን ነው? ከደረሰብኝ ልመልስ

ጤና ይስጥልኝ። ሱሉልታ አካባቢ በተካሄደ የእሑድ ውድድር ላይ ኩርባ ሲገቡ፣ ከኋላ የመጣ መኪና በውስጠኛው መስመር ሾልኮ በርዎን እንደመታው፣ ገጪው ግን «ዘጋህብኝ» እያለ የማሠሪያውን ገንዘብ እንደሚጠይቅዎ ጽፈዋል። እኔም ከአራት ዓመት በፊት በለገጣፎ በኩል፣ ለግንባታ በተደለደለ ሜዳ ላይ፣ ይኸው ዕጣ ደርሶኛልና የምነግርዎ ከኪሴ የወጣውን ነው።

አንደኛ፣ የዳኛውን ፍርድና የገንዘቡን ጉዳይ አይቀላቅሉ። የውድድር ዳኛ ነጥብ ይቀንሳል፣ ያግዳል እንጂ ላሜራ አያስጠግንም። በከተማ መንገድ የለመድነው «ከኋላ የገጨ ምንጊዜም ጥፋተኛ ነው» የሚለው አባባልም ሜዳ ላይ እንዳለ አይሠራም። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን የአነዳድ ደንብ፣ ከፊት ያለው አሽከርካሪ ቦታውን ለመከላከል ከአንድ ጊዜ በላይ አቅጣጫ እንዳይቀይር ይከለክላል፤ አንድ ጊዜ ተከላክሎ ኩርባው ላይ ሳይደርስ ወደ ዋናው መስመር ሲመለስም ቢያንስ የአንድ መኪና ስፋት ከጠርዙ እንዲተው ያዝዛል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ዘግተው ከሆነ መብትዎ ነው፤ ወጥተው እንደገና ከዘጉ ግን ሰውየው የሚለው ነገር አለው። እኔ የዘጋሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ይህን ዛሬም በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡን በተመለከተ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያንብቡ። አንቀጽ 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገምትና፣ አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ካልተረጋገጠ በስተቀር፣ የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ግማሽ ያሸክማቸዋል። አንቀጽ 2068 ደግሞ በስፖርት እንቅስቃሴ ላይ ማታለል ወይም የጨዋታውን ሕግ በከባድ ሁኔታ መጣስ ከሌለ፣ አብሮት የሚወዳደረውን ወይም ተመልካቹን የጎዳ ሰው ኃላፊ አይሆንም ይላል። ይህ አንቀጽ የሚጠቅመው አካሉ ለተጎዳ ብቻ ነው ወይስ ለተሰበረ መኪናም ጭምር የሚለው ያከራክራል፤ የእኔ ጠበቃ ሊከራከርበት ተዘጋጅቶ ነበር፣ ነገር ግን ዕድሉን አላገኘም። ያላገኘበትም ምክንያት የእኔ ሞኝነት ነው።

ግጭቱ እንደተፈጠረ ሁላችንም ከመኪና ወርደን ቆምን፤ የእኔ ዲኤክስ ፓራፋንጎው ተጨራምቷል፣ ከኋላ የገጨኝ ልጅ ቪትዝ ደግሞ ኮፈኑ ተነሥቶ ራዲያተሩ ይፈስሳል። ልጁ ሊያለቅስ ደረሰ። በዕድሜ ታላቁ እኔ ነበርኩ፤ አዘጋጆቹም «አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ነገሩን አብርደው» አሉኝ። እኔም ጨዋ ለመባል፣ ከደብተር በተቀደደ አንድ ገጽ ላይ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ማሠሪያውን እችላለሁ» የሚል ጽሑፍ በሁለት ምስክሮች ፊት ፈረምኩ። ቪዲዮ የቀረጸ ልጅ አጠገቤ ቆሞ ሳለ፣ ቅጂውን እንኳ አልጠየቅሁትም።

የእርሱ መኪና 86,000 ብር፣ የእኔ 40,000 ብር ፈጀ፤ በድምሩ 126,000። ሕጉ እንደሚለው ግማሽ ግማሽ ብንካፈል የእኔ ድርሻ 63,000 ብር ነበር። ፊርማዬ ግን ሁሉንም አሸከመኝ፤ አልከፍልም ብዬ ፍርድ ቤት ብንቀርብም፣ ያቺ የደብተር ገጽ እንደ ስምምነት ተቆጥራ ተፈረደብኝ። ለአንዲት ፊርማ 63,000 ብር! በዚያ ላይ ሊብሬው በታላቅ ወንድሜ ስም ስለነበረ መጥሪያው መጀመሪያ የደረሰው እርሱን ነው። አንቀጽ 2081 ባለንብረቱን ኃላፊ ያደርጋልና፣ መኪናው የሰው ከሆነ ዛሬውኑ ለባለቤቱ ይንገሩት፤ ወንድሜ ፋሲካን ሳያናግረኝ ነው ያሳለፈው።

ኢንሹራንስ አለኝ እንዳይሉ። እኔም ሙሉ ኢንሹራንስ ነበረኝ። ስሙን የማልጠቅሰው ድርጅት የካሳ ክፍል ውስጥ ሦስት ጠዋት ተሰልፌ፣ በሦስተኛው ቀን ሠራተኛዋ ቀና ብላ ሳታየኝ «ለጨዋታ የተሰበረ መኪና እኛን ምን አገባን?» አለችኝ። ውሉን ቤት ወስጄ ሳነበው፣ በውድድርና በፍጥነት ሙከራ ላይ የደረሰ ጉዳት እንደማይሸፈን በግልጽ ተጽፏል፤ እንግዲህ ልክ ነበረች ማለት ነው፣ ይህንን ግን በሰው ወግ ልትነግረኝ ትችል ነበር። አንዳንድ ወዳጆቼ «በመንገድ ላይ ተጋጨን በል» ብለው መክረውኝ ነበር፤ አላደረግሁትም። የትራፊክ ፖሊስ ፕላን (የአደጋውን ንድፍ) ባላነሣበት ቦታ ግጭት ፈጥሮ መናገር፣ ከገንዘቡ አልፎ በማጭበርበር ያስጠይቃል። በነገራችን ላይ ፖሊስም ጠርተን ነበር፤ በስልክ ያነጋገረን ሰው ቦታው የግል ይዞታ ነው ብሎ ሳይመጣ ቀረ።

የእርስዎ ነገር ከእኔ የሚሻለው ገና ስላልፈረሙ ነው። ሰውየው ሽማግሌ ቢልክም በአክብሮት ይቀበሉ፣ ቡና ያጠጡ፣ ወረቀት ሲወጣ ግን «ጠበቃዬ ይየው» ይበሉ። ከተመልካቾች ቪዲዮውን ዛሬ ይሰብስቡ፤ ስልክ ሲሞላ መጀመሪያ የሚጠፋው እንዲህ ያለው ነው። የእርስዎ በር ማሠሪያም ካሳ የሚጠየቅበት ነውና የጋራዡን ዋጋ በጽሑፍ ያስይዙ፤ ክስ ለመመሥረት በአንቀጽ 2143 ያለዎት ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው።

እኔ ከዚያ ወዲህ ውድድር አልተውኩም። ሞተር ሳይነሣ ግን ሁሉም ተወዳዳሪ «የየራሴን ጉዳት እኔው እችላለሁ» የሚል ውል ይፈርማል፤ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፣ ጠበቃም አይቶታል። በዚያ ውል ከተወዳደርን ወዲህ ሦስት ጊዜ ተጋጭተናል፣ አንዱም ፍርድ ቤት አልደረሰም። ለሚቀጥለው እሑድ ከፈለጉት በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፣ እልክልዎታለሁ።