ኤልኢዲ በሼዳችን፦ የተጠየቅኩትና የመለስኩት

ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስትወጡ መንገድ ዳር ካሉት ሼዶች በአንዱ ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስበን ነበር። ልብስ ሰፊዋም፣ ብረት ሠሪውም፣ እንጀራ ጋጋሪዋም የመብራት ሒሳባቸውን ይዘው መጡ። እኔ ዕድሜዬን በመስመር ዝርጋታ ያሳለፍኩ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። የድሮውን አምፖል ትንሽ ኃይል በሚበላው በኤልኢዲ ስለመቀየር ጠየቁኝ፤ የማውቀውን ነገርኳቸው።

ጋሼ፣ ስፌት ቤቴ ባለ 36 ዋት ፍሎረሰንት 20 አለ። በኤልኢዲ ብቀይር እውነት ለውጥ አለው?

አለው እህቴ። እስቲ አብረን እናስላው። 36 ዋት የሚለው የአምፖሉን ብቻ ነው። የድሮው ከባዱ ባላስትም (ፍሎረሰንቱን የሚያስነሳውና ኃይሉን የሚመጥነው ዕቃ) የራሱን ስለሚበላ አንዱ መብራት ወደ 45 ዋት ይወስዳል። 20ው ሲደመር 900 ዋት ነው። በቀን 10 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ብታበሪ 234 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥርብሻል። በ18 ዋት ኤልኢዲ ብትተኪው ወደ 94 ይወርዳል። በየወሩ 140 ኪሎዋት ሰዓት ቀረልሽ ማለት ነው። ይህን በምትከፍይበት ታሪፍ አባዢው። የአምፖሎቹን ዋጋ ለዚያ ስታካፍይ በስንት ወር ወጪሽን እንደሚመልስ ታውቂዋለሽ።

ሁሉንም ባንዴ መግዛት ካልቻልሽ ብዙ ሰዓት ከሚበራው ጀምሪ። ከማሽኖቹ በላይ ያሉት ይቅደሙ። የዕቃ ክፍሉ መብራት በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ከሆነ የሚበራው፣ እስኪቃጠል ይቆይ።

ክር ሳመሳስልስ? ማታ አንድ የመሰለኝ ቀን ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ይህ የአምፖሉ ጥራት ነው። ካርቶኑ ላይ «ሲአርአይ» የሚል ቁጥር ፈልጊ። ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካበት ነው፤ ጣሪያው 100 ነው። ለአንቺ ሥራ 90ና ከዚያ በላይ ያስፈልግሻል። 80 ለኮሪደር ይበቃል።

እኔ ብየዳ ቤት ነው ያለኝ። ኤልኢዲ ብዙ ዓመት ይቆያል ተብዬ ገዛሁ፤ በሁለት ወር ስድስቱ ተቃጠሉ። ተታለልኩ?

ወንድሜ፣ ብስጭትህ ይገባኛል። ብርሃን የምትሰጠዋ ፍሬ ቶሎ አትሞትም። የሚሞተው ብዙ ጊዜ ከኋላዋ ያለው ድራይቨር፣ ማለትም የመስመሩን ኃይል ለፍሬዋ የሚያስተካክለው ዕቃ ነው። እሱን የሚገድሉት ደግሞ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የኃይል መዋዠቅና ሙቀት። አንተ ዘንድ ሁለቱም አሉ። የብየዳ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ኃይሉ አንዳንዴ ዘሎ ነው የሚመጣው። ቆርቆሮው ሥር ደግሞ ቀን ቀን ምን ያህል እንደሚግል ታውቀዋለህ።

ስለዚህ የመብራቱን መስመር ከብየዳው ለይ። ሦስት ፌዝ (ኃይል የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች) ካለህ በሌላው ፌዝ ላይ አድርገው። ድንገት የሚዘለውን ኃይል የሚይዝ ሰርጅ መከላከያ አስገጥም። ስትገዛ ከ85 እስከ 265 ቮልት የሚችለውን ምረጥ። አምፖሉን ከቆርቆሮው አውርደህ ስቀለው እንጂ በተዘጋ መስታወት ውስጥ አታፍነው። ኒውትራሉ (ኃይሉ የሚመለስበት ሽቦ) ላላ ካለ ግን ምንም ብትገዛ ይቃጠላል። መጀመሪያ እሱን አስፈትሽ።

ቶርኖ ካለህ አንድ ነገር አደራ። ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይን አያየውም። ግን የሚዞረው ብረት የቆመ ሊመስልህ ይችላል፤ እጅ የሚሄደው ያኔ ነው። የስልክህን ካሜራ ወደ መብራቱ አዙር። ጥቁር መስመር ከሄደበት ማሽን አጠገብ አታድርገው።

የእኛ መጋዘን መብራት ትልልቅ 400 ዋት ሜታል ሃላይድ አምፖል ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በጨለማ እንቆማለን።

ያ አምፖል ቀዝቅዞ እንደገና እስኪነሳ ደቂቃዎች ይወስድበታል። ኤልኢዲ ወዲያው ይበራል። እንደ ጣሪያው ከፍታ ከ150 እስከ 200 ዋት ያለው ይተካዋል። ጀነሬተራችሁም ሸክሙ ይቀልለታል፤ ናፍጣ ለሚገዛ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጫጩቶቼን የማሞቃቸው በባለ 100 ዋት አምፖል ነው። እሱንም ልቀይር?

ኧረ በጭራሽ! የድሮው አምፖል ከሚወስደው ኃይል 90 በመቶ ያህሉን ሙቀት ነው የሚያደርገው። ለሱቅ ብክነት ነው፤ ለጫጩት ግን ሕይወቷ ነው። ኤልኢዲ አያሞቃትም፣ ሌሊቱን በብርድ ታልቅብሃለች። የትልልቆቹን ዶሮዎች ቤት አምፖል ቀይር፤ የጫጩቶቹን ማሞቂያ አትንካ።

እንጀራ ቤቴ በእንፋሎት የተሞላ ነው፤ ምን ዓይነት ልግዛ?

«አይፒ 65» የተጻፈበትን፣ እናቴ። አቧራም የውኃ ርጭትም አያስገባም። ከምጣዱ ራቅ አድርገው ይስቀሉልሽ።

ማብሪያውን ካጠፋሁ በኋላም ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ቆጣሪ ይቆጥርብኛል?

የሚቆጥረው ከቁጥር አይገባም። ግን ማብሪያው ፌዙን ትቶ ኒውትራሉን እየቆረጠ ሊሆን ይችላል። ከሆነ፣ መብራት አጠፋሁ ብለህ አምፖል ስትቀይር ይይዝሃል። ዛሬውኑ አሳይ። ማብሪያህ ትንሽ አመልካች መብራት ያለው ከሆነም እንዲህ ያደርጋል፤ ያኛው አያስፈራም።

የምንነቅላቸውን ፍሎረሰንቶች ቆሻሻ ገንዳ እንጣላቸው?

አትስበሯቸው። ውስጣቸው ጥቂት ሜርኩሪ አለ። በመጡበት ካርቶን መልሳችሁ ልጅ በማይደርስበት አስቀምጡ። አደገኛ ቆሻሻ የሚረከብ እስክታገኙም እዚያው ይቆዩ። አንዱ ከተሰበረ በር መስኮቱን ክፈቱና ለጥቂት ደቂቃ ውጡ። ከዚያ በእርጥብ ወረቀት ልቀሙት፤ በመጥረጊያ አትጥረጉት።