ሸክላ ለምትሰበስቡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት በሒሳብ ሥራ ነው። የድሮ የሙዚቃ ሸክላ ፍቅር ደግሞ ከሥራውም ይቀድማል። ሁለቱ አብረውኝ ኖረዋል። አሁን አሁን ሸክላ የሚፈልጉ ልጆች በዝተዋል፤ በጣም ደስ ይለኛል። ስለ ሙዚቃው ብዙ ያውቃሉ። እኔን የሚጠይቁኝ ስለ ገንዘቡ ነው። "ጋሼ፣ በዚህ ኑሮ እንዴት ይቻላል?" ይሉኛል።

ይቻላል። ግን ሸክላውን ከማየታችሁ በፊት ገንዘቡን ወስኑ። ካያችሁት በኋላ ልብ ይሸፍታል፣ ሒሳብም አይሰማም።

ደሞዝ እንደገባ የቤት ኪራዩ፣ አስቤዛው፣ ለቤተሰብ የሚላከው፣ እድሩ፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጠው አስቀድሞ ይውጣ። ከዚያ ለሸክላ የመደባችሁትን ለብቻው ሌላ ሒሳብ ውስጥ አስገቡት። ቴሌብርም ሆነ ሌላ ባንክ ለውጥ የለውም። ዋናው ከአስቤዛው ብር ጋር አለመቀላቀሉ ነው። ለጀማሪ ከደሞዙ ከመቶ አምስት እጅ ይበቃል ባይ ነኝ። ዘንድሮ ኑሮ ከከበዳችሁ ከዚያም ይነስ። በወሩ የሚገዛ ካልተገኘ ይጠራቀማል። ካለቀ ደግሞ አለቀ። ተበድሮ ሸክላ መግዛት የለም። የእቁብ ዕጣም አይነካ፤ ዕጣው ከወጣላችሁ በኋላ ገና የምትከፍሉት አለና። ሰብሳቢዎች ሆናችሁ ለዚሁ ጉዳይ ትንሽ እቁብ ብትጥሉ ግን እደግፋለሁ። ዕጣ የደረሰው ጥሩ ማጫወቻ ይገዛበታል።

ስለ ማጫወቻ ካነሳን፣ ብዙ ሰው የሸክላውን ዋጋ ብቻ ያሰላል። መርፌውን ይረሳል። መርፌ ያልቃል፤ አብዛኛው ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ቢያገለግል ነው። ያለቀ መርፌ ደግሞ ውድ ሸክላችሁን ይፍቀዋል። በሻንጣ መልክ የሚሸጡት ርካሽ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ መርፌውን በኃይል ይጫኑታል። ስለዚህ ሸክላ መግዛቱን ትንሽ አቆዩትና መጀመሪያ ደህና ማጫወቻ ይኑራችሁ። ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ደግሞ የመላኪያውንና የቀረጡን ዋጋ ከሸክላው ዋጋ ጋር ደምሩ። አንዳንዴ መላኪያው ከሸክላው ይበልጣል። በዚያ ላይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከመቶ ብር አልፎ ሄዷል። ድሮ በእጃችሁ ይገባ የነበረው ዛሬ ከእጥፍ በላይ ይጠይቃል።

ቀጥሎ የምለው ከሁሉም ይበልጥ ኪስ ያድናል። ለምትሰበስቡት ወሰን አብጁለት።

የኛ ሸክላ በብዛት የታተመበት ዘመን አጭር ስለሆነ ለዚህ ይመቻል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለውን ሸክላ አሳታሚ ሲከፍት ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። በወጣትነቱ ደፍሮ ገባበት። እዚህ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላው እንደ ህንድ፣ ሊባኖስና ግሪክ ባሉ አገሮች ታትሞ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ አሜሪካ እስኪሄድ ድረስ መቶ ያህል ትንንሽ ሸክላዎችና ጥቂት ትልልቅ አሳትሟል። ከሌሎቹ አሳታሚዎች ፊሊፕስ ነበር፣ የዓሊ አብደላ ካይፋ ቤትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሴት ገበያውን ወሰደውና ሸክላ ማሳተሙ ቆመ። ያ ዘመን በጠቅላላው አሥር ዓመት ያህል ቢሆን ነው። ግን ሁሉን ልያዝ ካላችሁ እሱም ያራቁታል።

አንዱን ምረጡ። አንድ አሳታሚ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ዘፋኝም ሊሆን ይችላል። ያለ ድምፅ በመሣሪያ ብቻ የተቀዱትን የሚፈልግም አለ። አንዲት የማውቃት ወጣት የብዙነሽ በቀለን ብቻ ነው የምትይዘው። የማህሙድ ወይም የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ሲያጋጥማት ለሚፈልገው ሰው ትደውላለች። የብዙነሽ ሲገኝ ደግሞ ለእሷ ይደወላል። ብዙ ጊዜ በልዋጭ ነው የምታገኘው፣ ብር አታወጣም። ስብስቧ ትንሽ ነው፣ ግን ያማረ ነው።

ሙዚቃውን መስማት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ በድጋሚ የታተመውን ግዙ። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ ያሳተመው አልበም እ.ኤ.አ. በ2017 እንደገና ወጥቷል። ዋልያስ ባንድ ከኃይሉ መርጊያ ጋር በዚሁ አቆጣጠር በ1977 ያወጣው በ2014 እንደገና ታትሟል። የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች በብዙ መቶ ዶላር የሚጠየቅባቸው ናቸው። አዲሶቹ ከዚያ እጅግ ይረክሳሉ፣ ድምፃቸውም ጥሩ ነው። የመጀመሪያውን ቅጂ መውደድ ሌላ ነገር ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን የትኛውን እንደምትፈልጉ ለራሳችሁ እውነቱን ንገሩ።

ስትገዙ አትቸኩሉ። ሸክላውን ከሽፋኑ አውጡት። ዳሩን ብቻ ይዛችሁ አምፖል ሥር ዘንበል አድርጉት። ደህና የሆነው ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል። ግራጫ ከመሰለ በከባድ መርፌ ብዙ ተጫውቷል ማለት ነው፤ ቡና ቤት ጁክቦክስ (ሳንቲም ሲከተትበት ሸክላ የሚያጫውት ማሽን) ውስጥ የከረሙት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ጭረት ካያችሁ በጥፍራችሁ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ዳብሱት። ጥፍር ካልያዘው ብዙ ጊዜ ትንሽ ያንኳኳል እንጂ ይጫወታል። ከያዘው መርፌው ሊዘል ይችላል። መሐሉ ላይ ያለውን ወረቀትም እዩ። በቀዳዳው ዙሪያ ነጫጭ መስመር ከበዛ ሸክላው ብዙ ጊዜ ማጫወቻ ላይ ወጥቶ ወርዷል። ከዚያ በዓይናችሁ ትክክል አግድም ያዙት። ፀሐይ ወይም ሙቀት ያገኘው ይጎብጣል። ይህን ሁሉ ካያችሁ በኋላ ነው ዋጋ የሚነገረው። ቆሻሻ ብቻ ከሆነ አትፍሩት። በተጣራ ውኃና በአንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ መስመሩን ተከትላችሁ አጽዱት። ወረቀቱ ግን ውኃ አይንካው። ከመቶ ዓመት በፊት በሸክላ በተቀዱት በነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ዘመን የነበሩት ከባድ ሸክላዎች ከተገኙ አልኮል እንዳታስነኳቸው፣ ያሟሟቸዋል። መርፌያቸውም ሌላ ነው።

የገዛችሁትን ሁሉ መዝግቡ። ቀኑን፣ ዋጋውን፣ ከማን እንደተገዛ፣ ምን ጉዳት እንዳለበት። ተራ ደብተር ይበቃል። በዓመቱ መጨረሻ ደምሩት። ከገዛችሁ በኋላ አንዴም ያላጫወታችሁት ካለ ሽጡት ወይም ለውጡት፤ ቀጣዩ በእሱ ይገዛል። ሸክላ ዋጋው ይጨምራል ብላችሁ ግን እንደ ቁጠባ አትቁጠሩት። ገዢው ጥቂት ነው። ሰው ታሞባችሁ ብር በቸገራችሁ ቀን ቶሎ አይሸጥም፣ ከተሸጠም በወደቀ ዋጋ ነው።

ትዳር ያላችሁ ደግሞ ዋጋ አትደብቁ። ግማሹን ዋጋ ብቻ የሚናገሩ ሰዎች አውቃለሁ። ቤት ውስጥ መተማመን የሚጠፋው በሸክላው ብዛት ሳይሆን በዚህ ነው። ለብቻው የተመደበ ገንዘብ ካለ የሚደበቅ ነገር አይኖርም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ እሱን ጠበቅ አድርጌ ነው የምናገረው። ባለቤታቸው ያረፉባቸው እናት የሟቹን ሸክላ አውጥተው "ምን ያወጣል?" ቢሏችሁ እውነተኛውን ዋጋ ንገሯቸው። አቅማችሁ ለአንዱ ብቻ ከሆነ አንዱን ግዙ፣ ለቀሩት የሚገዛ ሰው አገናኟቸው። አለማወቃቸውን ተጠቅሞ በሽርፍራፊ መውሰድ ነውር ነው። እሳቸው የሚሸጡት ችግር ቢገፋቸው ሊሆን ይችላል።

የእናንተም ሸክላ አንድ ቀን ሰው እጅ ይገባል። ደብተሩ የት እንዳለ ለቤተሰብ አሳዩ። ዋጋውን የሚያውቅ፣ የምታምኑት ሰብሳቢ ስልክ ቁጥር መጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉ። ያለዚያ ቁራሌው በኪሎ ይወስደዋል።