በፈተና ቀን ሞተር ማጥፋት ምርጫ ከሆነ ልቀበል ወይስ ልተው?

ወንድሜ፣ በባለሁለት ሞተር ፈተና ላይ ፈታኙ «ሞተሩን የምር እናጥፋው ወይስ በዜሮ ትረስት ይብቃን?» ቢልህ ምን እንደምትመልስ ጠይቀሃል። (ዜሮ ትረስት ማለት ሞተሩን ሳያጠፉ ጉልበቱን ቀንሶ እንደጠፋ ማስመሰል ነው።) የእኔ መልስ፦ የዚያው አውሮፕላን ሞተር አየር ላይ ጠፍቶ ሲነሳ በዓይንህ ካላየህ እምቢ በል።

1. መጀመሪያ ምርጫ መሆኑን አጣራ። በአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣን (ኤፍኤኤ) ፈተና ሞተር አጥፍቶ አንዱን ፕሮፔለር ፌዘር ማድረግ፣ ማለትም ምላጮቹን ንፋስ እንዳይገታቸው ስለታቸውን ወደ ንፋሱ ማዞር፣ ራሱ ይፈተናል፣ አምራቹ ካልከለከለ፤ ምርጫ አይደለም። እሱም ከመሬት ቢያንስ 3,000 ጫማ ላይ ሆነህ ነው።

2. ማጥፋቱ አያስፈራህ። የጠፋው የቱ ሞተር እንደሆነ ለይ፣ አረጋግጥ፣ ፌዘር አድርግ። ግን አትንቀርፈፍ፤ በብዙዎቹ ትናንሽ አውሮፕላኖች አርፒኤሙ (በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ከ800 አካባቢ በታች ከወረደ በውስጡ ያሉት መቆለፊያ ፒኖች ይይዙትና ፕሮፔለሩ ፌዘር አይገባም።

3. ጣጣው ማስነሳቱ ላይ ነው። እኔ ከፈተናው በፊት ትምህርት ቤቱ ቢሮ ሄጄ «አኪውሙሌተሩ ተፈትሿል ወይ?» ብዬ ጠይቄያለሁ፤ በናይትሮጅን ግፊት ዘይት ገፍቶ ፕሮፔለሩን ከፌዘር የሚያወጣው ጋን ነው። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «አንተ ብረር፣ ማሽኑን ለእኛ ተወው» አለኝ። አየር ላይ አጠፋሁት፣ ምንም ችግር የለም። ከዚያ የፕሮፔለሩን ሊቨር ወደፊት ገፋሁ፤ ምላጮቹ ስለታቸውን ለንፋስ ሰጥተው ድርቅ አሉ። ናይትሮጅኑ አልቆ ነበር። ስታርተሩም ትንሽ አንገራግጦት ተወው። በቃ፣ ፈተናው እዚያ ላይ ቆመና የምር ድንገተኛ ሁኔታ ሆነ። ለታወሩ ተናገርኩ፣ በፍጥነት መለኪያው ላይ ያለችውን ሰማያዊ መስመር (በአንድ ሞተር በተሻለ የሚወጣበትን ፍጥነት) ይዤ፣ ወደሚሠራው ሞተር ትንሽ አዘንብዬ መጣሁ፣ ጎማ ያወረድኩት ማረፌን እርግጠኛ ስሆን ነው፤ ምክንያቱም ግማሽ ጉልበት ሲሄድ ከመውጣት አቅምህ 80 በመቶና ከዚያ በላይ አብሮ ይሄዳል፣ ደግሞ ልነሳ ብትል አይሆንልህም። ፈታኙ መሪውን አልነካም። በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ቢሮው ግን የቀረውን ፈተና የበረራ ሂሳብ ለእኔ ላከ! ጥፋቱ የእነሱ፣ ከፋዩ እኔ። አሁንም ያናድደኛል።

ስለዚህ ከኢንስትራክተርህ ጋር፣ በዚያችው በምትፈተንባት አውሮፕላን፣ ማረፊያ ሜዳ ከሥርህ አድርገህ አጥፍተህ አስነሳ። ሞተሩ ሲነሳልህም ሙቀቱ እስኪመለስ ጉልበት አትጠይቀው። በብሪፊንጉ ላይ ደግሞ በየትኛው ከፍታ ላይ ማስነሳቱን ትታችሁ ወደ ማረፍ እንደምትሄዱ ከፈታኙ ጋር ተስማማ። ይህን ማድረግ ካልቻልክ ዜሮ ትረስት ይሁንልኝ በል፤ ማንም አይንቅህም። ቢሮው «ተፈትሿል» ካለህ በቃል አትቀበል፣ የጥገና መዝገቡን አሳዩኝ በል።