ስብሰባ ላይ ተራዬ መቼ ነው? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምሠራው ውጭ አገር ነው። ቋንቋው አይቸግረኝም፣ ኢሜይል ስጽፍ ማንም አያርመኝም። ስብሰባ ላይ ግን አፌ እንደተለጎመ እወጣለሁ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል፣ እኔ «አሁን ልናገር» ስል ጉዳዩ አልፏል። በቀደም አለቃዬ «አንቺ ሐሳብ የለሽም እንዴ?» አለኝ። ሐሳብማ ሞልቶኛል! ምን ይሻለኛል?
*ተራ ጠባቂዋ*

መልስ፦ አይዞሽ፣ ጉዳዩ የችሎታ አይደለም። የሰዓት ነው፣ ያውም ከሰከንድ በታች የሆነ ሰዓት። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በ10 ቋንቋዎች የሚነጋገሩ ሰዎችን ወስዶ፣ «አዎ» ወይም «አይ» የሚያስብል ጥያቄ ሲጠየቁ መልሱ ከምን ያህል ጊዜ በኋላ እንደሚመጣ ለክቶ ነበር። አማካዩ ወደ 200 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ አምስተኛ ነው። ከሁሉም ፈጣኖቹ ጃፓኖች ሆኑ፣ ከሁሉም የዘገዩት ዴንማርኮች። (እኔ ብጠየቅ በተቃራኒው ነበር የምገምተው።) በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

አሁን ወደ አንቺ እንምጣ። አንድ ነጠላ ቃል አስቦ ከአፍ ለማውጣት ብቻ ወደ 600 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ታዲያ ሰው እንዴት በ200 ይመልሳል? ሌላው ገና ሳይጨርስ የራሱን መልስ ማዘጋጀት ስለሚጀምር ነዋ! ባልደረቦችሽ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፣ ሳያውቁት። አንቺ ደግሞ በሁለተኛ ቋንቋሽ እየሰማሽ፣ እየተረዳሽ፣ ዓረፍተ ነገር እየሠራሽ ነው፣ ከዚያ ላይ ሰውየው በደንብ እስኪጨርስ በጨዋነት ትጠብቂያለሽ፤ ያንን ሁሉ እስክታደርጊ ክፍተቱ ተዘግቷል። ዝም ብሎ «ደፋር ሁኚ» የሚል ምክር እዚህ ላይ ብዙም አይጠቅምሽም።

የሚጠቅመው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ቀድሞ ይዞ መግባት ነው። አጀንዳውን ከአንድ ቀን በፊት ጠይቂ። ስብሰባውን ለሚመራው ሰው «በሁለተኛው ነጥብ ላይ የምለው አለኝ፣ እዚያ ስንደርስ ስሜን ጥራልኝ» ብለሽ ጻፊለት። ሰውየውም ደስ ይለዋል፣ የሚናገርለት ሰው አገኘ። መሀል መግባት ሲኖርብሽ ደግሞ ሐሳብሽ እስኪስተካከል አትጠብቂ፣ «አንድ ነገር ልጨምር» በይና ቦታውን ያዢ፣ ቀሪውን እየተናገርሽ ትሠሪዋለሽ። በቪዲዮ ከሆነ ግንኙነቱ ራሱ መዘግየት ስለሚጨምርበት እጅ ማንሻዋን ተጫኚ፣ አትፈሪያት። ስብሰባው ካለቀ በኋላ በኢሜይል ሐሳብ መላክም አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ውሳኔው ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሰው፣ እሱ ላይ አትደገፊ።

አለቃሽንም በግልጽ ንገሪው። «ሰው እስኪጨርስ ስለምጠብቅ ነው እንጂ ሐሳብ አጥቼ አይደለም» በይው። ይቺን ካልነገርሽው በራሱ አይደርስባትም።

ጥያቄ፦ አለቃዬ ሪፖርቴን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ይሄ አልሆነም፣ እንደገና ሥራው» አለኝ። ደሜ ፈላ። ከስብሰባው እንደወጣን ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ እግር ኳስ ያወራኛል! ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ውጪ አላናግረውም፣ እሱ ግን «ምን ሆንክ?» እንኳ አላለኝም። ንቆኝ ነው ወይስ ባህላቸው ነው?
*ቅር ያለው*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኩርፊያህ አልደረሰውም። ኤድዋርድ ሆል የተባለው አሜሪካዊ የአንትሮፖሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1976 ነገሩን እንዲህ ከፍሎ አሳይቶ ነበር፦ አንዳንድ ቦታ መልእክቱ ያለው በተነገረው ቃል ውስጥ ነው፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ብዙው ያለው ባልተነገረው ውስጥ ነው፤ በፊት ገጽታ፣ በዝምታ፣ ማን ማንን የት አናገረ በሚለው። ጀርመኖችን ከመጀመሪያው፣ ጃፓኖችን ከሁለተኛው ወገን አስቀምጧቸዋል። እንደ ሕግ አትያዘው እንጂ፤ ነገሩን ፊት ለፊት የሚያፈርጥ ጃፓናዊም፣ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ ጀርመናዊም አይጠፋም።

አንተ ዝም ስትል «ተቀይሜሃለሁ» እያልክ ነው። እሱ ጋ የሚደርሰው «ሥራ በዝቶበታል» የሚል ነው። ስለ ሪፖርቱ ሲናገርም ስለ ወረቀቱ እንጂ ስለ አንተ የተናገረ አይመስለው ይሆናል፤ የእግር ኳሱ ወሬም ይህንኑ ያሳያል።

ግን ሁሉንም በባህል አትሸፍንለት። አንድ ነገር ልብ ብለህ ተመልከት፦ የሌሎቹንም ሥራ እንዲሁ ነው የሚተቸው? ከሁሉም ጋር እንዲያ ከሆነ ጠባዩ ወይም የቤቱ ልማድ ነው። ባንተ ላይ ብቻ ከበረታ ግን ንቀት ነው፣ ንቀት ደግሞ የትም አገር ንቀት ነው፣ «ባህላቸው ነው» እያልክ አትሸከመው። ለማንኛውም ለብቻው አግኘውና «ስህተቴን ብትነግረኝ ደስ ይለኛል፣ ግን ከስብሰባው በፊት ለብቻዬ ንገረኝ» በለው። መልሱን ሰምተህ ታውቀዋለህ።

ጥያቄ፦ አውሮፓ ሆኜ አሜሪካ ካሉ ሰዎች ጋር እሠራለሁ። ማርች ሲመጣ ሁልጊዜ ስብሰባ ይዛባብኛል። ለምን?
*ሰዓቱ የጠፋበት*

መልስ፦ ሁለቱ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት የሚገፉት በተለያየ ቀን ስለሆነ ነው። አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሑድ፣ አውሮፓ በመጨረሻው እሑድ። በመሀል ላሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ልዩነቱ በአንድ ሰዓት ይቀንሳል። በመከር ደግሞ አውሮፓ በኦክቶበር መጨረሻ እሑድ፣ አሜሪካ በኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ስለሚመልሱ ለአንድ ሳምንት ያህል እንደገና ይዛባል። ጨርሶ የማይቀይሩም ብዙ አገሮች አሉ። ስለዚህ «በ3 ሰዓት» ብቻ ብለህ አትጻፍ፣ የማን ከተማ ሰዓት እንደሆነ ጨምርበት። ቀን ስትጽፍም ወሩን በስሙ ጥራው፤ 04/05 ለአሜሪካዊ አፕሪል 5 ነው፣ ለእንግሊዛዊ ሜይ 4።