በእርግብግቢቱ በኩል ምን ይታያል?

ጥያቄ፦ ልጄ በ30 ሳምንቱ ተወለደ። ጭንቅላቱን አልትራሳውንድ እናንሳው አሉኝ። ጨረሩ አይጎዳውም ወይ? በጣም ጨንቆኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፣ በድምፅ ሞገድ ነው የሚሠራው። አናቱ ላይ ትር ትር የምትለዋን እርግብግቢት አይተሻታል አይደል? እዚያ አጥንቱ ገና ስላልገጠመ ሐኪሙ ጄል ቀብቶ መሣሪያውን ቀስ አድርጎ ያሳርፍባትና አንጎሉን በስክሪን ያየዋል፤ ልጁን ከአልጋው ማንሳት እንኳ አያስፈልግም። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የአንጎላቸው የደም ሥር ስስ ስለሆነ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊደማ ይችላል። ሐኪሞቹ የሚያዩት ደም መፍሰስ እንዳለ ነው። ደግመው ቢያነሱትም አትደንግጪ፣ የተለመደ ነው። ኤምአርአይም (በማግኔት የሚሠራ ምስል ማንሻ) ቢያዙ ጨረር የለውም፤ ብዙ ጊዜ ጠብቶ፣ ተጠቅልሎ እንደተኛ ይነሳል። ጨረር ያለው በኤክስሬይ የሚሠራው ሲቲ ስካን ነው፣ እሱን ካዘዙ ግን ለምን እንዳስፈለገ ጠይቂያቸው።