የአንጎል ብግነትን በክኒን መቀነስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ የ72 ዓመት እናቴ ከእኔ ጋር የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ይኖራሉ። ከሁለት ዓመት ወዲህ የጥንቱን እያስታወሱ የዛሬውን ይረሳሉ፤ በቅርቡም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የራሳችን ሕንፃ ጠፍቷቸው ጎረቤት መርቶ አመጣቸው። ሐኪም አልዛይመር ነው ብሎናል። ይህ በሽታ ከአንጎል ብግነት (መቆጣት) ጋር እንደሚያያዝና ብግነቱ ከቀነሰ እንደሚዘገይ ሰምቼ፣ ለጉልበታቸው ሕመም የታዘዘላቸውን ዳይክሎፌናክ የተባለ ፀረ ብግነት ክኒን በየቀኑ ልሰጣቸው አስቤአለሁ። ይጠቅማቸዋል? እርድስ?

ልጃቸው፣ ከየካ አባዶ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዳይክሎፌናኩን ለዚህ ዓላማ እንዳይጀምሩላቸው አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

ስለ ብግነቱ የሰሙት ግን ሐሰት አይደለም። አንጎል ማይክሮግሊያ የሚባሉ የራሱ ዘብ ሴሎች አሉት። አሚሎይድ የተባለው ፕሮቲን ከነርቭ ሴሎች ውጭ ሲከማች እነዚህ ዘቦች ከብበው ሊያጸዱት ይሞክራሉ፤ ዓመታት ሲያልፉ ግን ሥራቸው ዕረፍት ያጣና የሚያመነጩት ኬሚካል ጤነኛውን የነርቭ መገናኛ ጭምር ይጎዳል። ይሁን እንጂ ዘቦቹን ማፈን መፍትሔ አይሆንም፤ ምክንያቱም ማይክሮግሊያ ለሥራቸው በሚጠቀሙበት ትሬም2 በተባለው ዘረ መል ላይ ይህን ሥራ የሚያዳክሙ አንዳንድ ለውጦች ያሉባቸው ሰዎች ለአልዛይመር ይበልጥ እንደሚጋለጡ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተሙ ጥናቶች አሳይተዋል።

ለመገጣጠሚያ ሕመም ለዓመታት ፀረ ብግነት ክኒን የወሰዱ ሰዎች በአልዛይመር እምብዛም አይያዙም መባሉ ቀድሞ ትልቅ ተስፋ አሳድሮ ነበር። ነገር ግን ናፕሮክሰንና ሮፌኮክሲብ የተባሉ ፀረ ብግነት ክኒኖች በአልዛይመር ሕሙማን ላይ ለአንድ ዓመት ተሞክረው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ውጤት መሠረት፣ በሽታውን አላዘገዩትም። በአንጻሩ በእናትዎ ዕድሜ ዳይክሎፌናክን በየቀኑ መውሰድ ጨጓራን ሊያደማ፣ ኩላሊትን ሊጎዳና የደም ግፊትን ሊጨምር ይችላል፤ ከፍ ያለ ግፊት ደግሞ ራሱ የአንጎል ጠላት ነው። እርዱን በአልጫው ይብሉት፤ መድኃኒት ግን አይደለም።

እኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ብዙ ቤተሰብ የማያስተውለው ሌላ ብግነት ነው። አንድ አረጋዊ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የሳንባ ምች ሲይዛቸው በሰውነት ውስጥ የሚነሣው ብግነት ወደ አንጎል መልእክት ይልካል፤ ቀድሞውኑ የተቆጡት ዘብ ሴሎችም ይብሳሉ። እንዲህ ያለ ኢንፌክሽን ባጋጠማቸው የአልዛይመር ሕሙማን ላይ የማስታወስ ችሎታ ይበልጥ ፈጥኖ እንደሚያሽቆለቁል ታይቷል። በዚህ ዕድሜ ትኩሳት ላይኖር ይችላል። እናትዎ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ግራ ከተጋቡ፣ ቀን ከሌት መተኛት ካበዙ ወይም ምግብ እምቢ ካሉ፣ «ጃጅተው ነው» ብሎ መተው ሳይሆን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል፤ መንስኤው ታክሞ የሚድን ሊሆን ይችላልና። ውኃ በየሰዓቱ ያቅርቡላቸው፤ ጥማቱን ራሳቸው ላያስታውሱት ይችላሉ።

ግፊታቸውንና ስኳራቸውን ያስለኩ፣ ጆሯቸውን ያስመርምሩ፣ ጠዋት ጠዋት አብረዋቸው ይራመዱ። ቡና ሲፈላ ከሰሉ በተዘጋ ቤት ውስጥ እንዳይጨስ ይሁን፤ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡ ሊለወጡ ከሚችሉ 14 ነገሮች መካከል የተበከለ አየርን ቆጥሯል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ዳይክሎፌናኩን፣ ለአለርጂና ለእንቅልፍ የተገዛውንም ሳይቀር፣ በአንድ ፌስታል ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ መርሳትን ያባብሳሉ። የቫይታሚን ቢ12 እና የታይሮይድ ምርመራ ተደርጎላቸው እንደሆነም ይጠይቁ።