ለማራኪ ግቢዋ የ4ኛ ዓመት ሕግ ተማሪ፦ ፒችትሪውን ተይው፣ አማርኛሽን አጥብቂ

ሰላም እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። እንዳንቺ የሚጨነቁ ብዙ ስለሆኑ ስምሽን ሳልጠቅስ እዚሁ ልመልስልሽ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ 4ኛ ዓመት ነሽ፣ ነጥብሽ 2.9 ነው፣ ቤተሰቦችሽ ደንቢያ ገበሬ ናቸው፣ ጓደኞችሽ ሙት ኮርት (የሕግ ተማሪዎች የችሎት ክርክር ውድድር) ሲመዘገቡ አንቺ እንግሊዝኛ መናገር ፈርተሽ ቀረሽ፣ አሁን ክረምቱን ፒያሳ ከፍለሽ የፒችትሪ (የሂሳብ አያያዝ ሶፍትዌር) ሰርተፍኬት ልያዝ ወይ ብለሻል፣ በዛ ላይ "ያለ ሰው ስራ የለም" ይሉሻል።

ፒችትሪውን እንገላገለው፣ ተይው። የሕግ ባለሙያ የሚቀጥር ሰው ፒችትሪ ትችያለሽ ወይ ብሎ አይጠይቅም። በአማርኛ ቶሎ መታይፕ ግን ይጠቅማል፣ እሱን ደግሞ በጓደኛሽ ላፕቶፕ በነፃ ትለምጂዋለሽ፣ ብሩን ለትራንስፖርት አስቀምጪው።

ሙት ኮርት ጥሩ ነው፣ ዕድሉን ካገኘሽ እየፈራሽም ቢሆን ግቢ። ግን እሱ ስለቀረ በሩ ሁሉ የተዘጋ አይምሰልሽ፣ ጎንደር ያለ ዳኛ ፊት እኮ ማንም በእንግሊዝኛ አይከራከርም። ዋናው ልነግርሽ የፈለኩትም ይሄው ነው። አምስት ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ ትማራላችሁ በእንግሊዝኛ ትፈተናላችሁ፣ ስትወጡ እዚህ ጎንደር የፍርድ ቤቱ ስራ በአማርኛ ነው። የክስ አቤቱታ ምን መያዝ እንዳለበት የሚደነግገውን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 222ን በቃሏ የምትዘረዝር ተመራቂ እስቲ የክስ አቤቱታ ጻፊ ስትባል ሶስት ገፅ ታሪክ ትጽፍና ፍርድ ቤቱ ምን እንዲወስንላት እንደምትፈልግ ሳትጠይቅ ትፈርማለች። ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ስር ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ ይበልጣታል፣ ለመሳደብ አይደለም፣ እሱ በየቀኑ ስለሚጽፍ ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ በምሳሌ ልንገርሽ። አንዲት እናት መጥተው "ጎረቤቴ አጥሬን አፍርሶ ገባብኝ" ብለው ከአያታቸው ጀምረው ያወሩሻል። አታቋርጫቸው፣ ግን ጆሮሽ መቼ ነው የገባው የሚለውን ይጠብቅ፣ ምክንያቱም በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 መሰረት ሁከት ይወገድልኝ (ይዞታዬን የነካብኝ ያቁምልኝ) ለማለት ያለው ጊዜ 2 ዓመት ነው፣ ካለፈ ሌላ መንገድ መፈለግ ሊኖርብሽ ነው። ከዛ ይዞታቸውን የሚያሳይ ምን ወረቀት አላቸው፣ ሲፈርስ ማን አየ፣ ክሱስ ለየትኛው ፍርድ ቤት ነው የሚቀርበው፣ ዳኝነቱ ሁከቱ እንዲወገድ ብቻ ነው ወይስ ወጪና ኪሳራም ይጠየቃል? ይሄን ሁሉ በአንድ ገፅ ተኩል፣ እሳቸው ራሳቸው ሲነበብላቸው በሚገባቸው አማርኛ። ይሄን የምትችል ልጅ ነጥቧ 2.9 ሆነ 3.5 ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ወንበር አታጣም። ነጥብ የሚከለክልሽ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ካማረሽ ነው፣ እዛ ላይ አላባብልሽም።

እንዴት ትለምጃለሽ? ችሎት ግቢ። ተዘግቶ እንዲታይ ካልታዘዘ በስተቀር ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፣ መታወቂያሽን ይዘሽ ሞባይልሽን አጥፍተሽ ኋላ ተቀመጪና ዳኛው ጭብጥ (ተከራካሪዎቹ ያልተስማሙበትን፣ መወሰን ያለበትን ጥያቄ) ሲመሰርቱ ቀድመሽ በማስታወሻሽ ጭብጡን ጻፊ፣ ከዛ ከሳቸው ጋር አስተያዪው። መጀመሪያ አካባቢ ምንም አይገጥምልሽም፣ አትደንግጪ። ደግሞ ሐምሌን አታባክኚ፣ ነሐሴና መስከረም ፍርድ ቤት እረፍት ስለሚወጣ ከአስቸኳይ ጉዳይ በቀር የምታዪው ነገር አይኖርም። ያለንበት ጊዜ ደግሞ መንገዱም ቀጠሮውም በሰው ፈቃድ የሚሄድ አይደለም፣ ሰላም በሆነ ቀን ያገኘሽውን ተጠቀሚ።

ሁለተኛ የሕግ ትምህርት ቤታችሁ ነፃ የሕግ ድጋፍ ላይ በጎ ፈቃደኛ ሁኚ፣ ቀለብ፣ ፍቺ፣ ውርስ፣ የገጠር መሬት ይዞታ፣ እዚህ አካባቢ የሚበዛው እሱ ነው። የክልሉን የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 79/1995ና የመሬት አዋጅ 252/2009ን ስልክሽ ላይ ጫኛቸው፣ ብዙ ተማሪ የፌዴራሉን ብቻ ይዞ ይመጣና ያፍራል። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ባለጉዳይ የነገረሽን ዶርም ወስደሽ አታውሪ። ያለ ጥብቅና ፈቃድ ብር ተቀብለሽም የሰው ጉዳይ አትያዢ፣ ሕጉ አይፈቅድም፣ ፈቃዱ ከተመረቅሽ በኋላ በጊዜው ይመጣል።

የሰበር (የበታች ፍርድ ቤቶችን መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚያርመው ችሎት) ውሳኔም በሳምንት አንድ አንብቢ። ከአዋጅ 454/1997 ጀምሮ ቢያንስ 5 ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ሰበር የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ሳታውቂው ብትከራከሪ ባዶ ነሽ። አንብበሽ ስትጨርሺ ዝጊውና የስር ፍርድ ቤት ምን አለ፣ ሰበር ለምን ሻረው ወይ አጸናው የሚለውን በራስሽ አማርኛ በአስር መስመር ጻፊ። ሰበር የራሱን አቋም የቀየረበት ጊዜም ስላለ አዲሱን ማየት አትርሺ። ይሄ ለኤግዚት ኤግዛሙም (ለመውጫ ፈተናው) ያግዝሻል፣ ከ100 50 ካላመጣሽ ዲግሪው ስለማይሰጥሽ ንቀሽ እንዳትተይው።

ስለ "ሰው"ስ? አልዋሽሽም፣ ዘመድ ያለው ቶሎ የሚገባበት ቦታ አለ። ግን ዳኝነትም ዐቃቤ ሕግነትም ማስታወቂያ ወጥቶ ፈተና አለው፣ ባንክና ኢንሹራንስም ነገረ ፈጅ (የድርጅቱን የሕግ ጉዳይ የሚከታተል ሰራተኛ) ሲቀጥሩ ብዙዎቹ ይፈትናሉ፣ ፈተናው ላይ ደግሞ የሚመጣው ያው ጻፊ ነው። ችሎት ስትመላለሺ ሬጅስትራሩም (የፍርድ ቤቱን መዝገብ የሚይዘው) ያውቅሻል፣ ማስታወሻ ይዘሽ ያየሽ ጠበቃም አንድ ቀን "የማን ተማሪ ነሽ?" ይላል፣ ያኔ አትሽኮርመሚ፣ ኤክስተርንሽፕ (የተግባር ልምምድ) ስትወጪ እሱ ቢሮ መስራት እንደምትፈልጊ በቀጥታ ንገሪው።

ሲቪሽን አሁን አትላኪልኝ፣ ገና ምንም የለበትም። መጀመሪያ የአጥሩን ጉዳይ ከሳሽ ሆነሽ ጻፊው፣ ከዛ ገልብጠሽ ለተከሳሹ የመከላከያ መልስ ስሪለት፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ (ወደ ዋናው ክርክር ሳይገባ ክሱ መታየት የለበትም የሚልበት) ካለውም አስገቢ። ሁለቱንም ላኪልኝ፣ በቀይ አርሜ እመልስልሻለሁ።